አደይ አበባ ገነጣጠልን፣ ፒስቲሉ ግን የለም! የአበባ ክፍሎችን የምታውቁ እርዱን

እናት_ከእንጅባራ | መስከረም 21

ሰላም ለዚህ ቤት። ልጄ 9ኛ ክፍል ናት። አንድ አበባ ለያይታችሁ ወረቀት ላይ ለጥፉ፣ የእያንዳንዱን ክፍል ስም ጻፉ ተብለዋል። ወቅቱ ነውና አደይ አበባ ቀጥፋ መጣች። ማታ ቁጭ ብለን አብረን ገነጣጠልን።

መጽሐፉ ላይ ያለው ሥዕል ግልጽ ነው። ከታች አረንጓዴ ሴፓል (እምቡጡን የሚሸፍነው)፣ ቀጥሎ ፔታል (ባለቀለሙ ቅጠል)፣ ከዚያ ስቴመን (ወንዴው፣ ብናኝ የሚይዘው)፣ መሐል ላይ ፒስቲል (ሴቴው፣ ዘር የሚይዘው)። አደይዋ ግን እምቢ አለች። ቢጫው ፔታል ሲነቀል ከሥሩ ሌላ ነገር ይዞ ይወጣል። መሐሉን በመርፌ ስንነካካው ስቴመን ነው ያልነው ነገር መቁጠሪያ አጣ። ፒስቲል የሚባል ነገር ጭራሽ የለም። ልጅቷ «እማዬ፣ ይቺ አበባ ጎደሎ ናት» ብላ ልትጥላት ነበር። የምታስረክበው አርብ ነው። የምታውቁ ካላችሁ በእግዜር።

ቀልደኛው_ቡሬ | መስከረም 21

እትዬ፣ አደይ በዓመት አንዴ ብቅ ብትል እሷንም ኦፕራሲዮን አደረጋችኋት? ሃሃ። መልሱን እኔም እጠብቃለሁ።

ዕፀ_ጣና | መስከረም 21

እትዬ፣ ልጅዎ ጎበዝ ናት። ሥዕሉን ከማመን እጇ ላይ ያለውን አምናለች። ጎደሎ ግን አይደለችም፤ እንዲያውም ተርፏታል።

አደይ አንድ አበባ አይደለችም። ያቺ አንድ የምትመስለን ቢጫ ክብ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ናት። ኑግም፣ ሱፍም፣ መጭም እንደዚሁ ናቸው፤ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ዳር ዳሩ ላይ ያለው እያንዳንዱ «ፔታል» ራሱን የቻለ አበባ ነው። ፔታሎቹ ተጣብቀው ወደ አንድ ጎን ተዘርግተው ነው እንደ አንድ ቅጠል የሚታዩት። ለዚህ ነው ሲነቀል ከሥሩ ሌላ ነገር ይዞ የወጣው።

አሁን መሐል ካሉት አንዷን ብቻ በመርፌ ጫፍ ነቅላችሁ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጧት። ስልክ ካሜራ ላይ አጉልታችሁ እዩ። ከታች ጠፍጣፋው ኦቫሪ ነው፤ ነገ ዘር የሚሆነው። ከላዩ ቀጭን ቢጫ ቱቦ አለ፤ አፉ ላይ አምስት ጥርስ አለው። እነዚያ አምስቱ የተጣበቁ ፔታሎች ናቸው። ቱቦው ውስጥ አምስት ስቴመኖች አሉ፤ ብናኝ የሚይዘው ጫፋቸው፣ አንተር የሚባለው፣ እርስ በርሱ ተጣብቆ ሌላ ቱቦ ሠርቷል። ፒስቲሉ በዚያ መሐል ሽቅብ ሲወጣ ብናኙን እየገፋ ያወጣል። ከወጣ በኋላ ጫፉ ሁለት ቦታ ይከፈታል። ያ ብናኝ የሚቀበለው ስቲግማው ነው። ሁሉም ነገር አለ ማለት ነው፣ ግን የጤፍ ፍሬ በምታክል ቦታ ተጠቅጥቆ።

ከታች ያሉት አረንጓዴዎች ሴፓል አይደሉም። የጠቅላላው ስብስብ ማቀፊያ ናቸው፣ ብራክት ይባላሉ። በዚህ ቤተሰብ ሴፓል ቅርጹን ቀይሯል። የሰይጣን መርፌ ነጠላ ላይ ሲሰካ አይታችኋል? የአደይ የቅርብ ዘመድ ነው። ያ የሚዋጋው ሹል ነገር ሴፓል መኖር በነበረበት ቦታ ላይ የበቀለ ነው።

ለአርቡ ግን ምክሬ፦ አደይን ተዉአትና ጎመንዘር ፈልጉ።

እናት_ከእንጅባራ | መስከረም 21

እግዜር ይስጥልኝ! ልጅቷ በስልክ አጉልታ አይታ ጮኸች። አምስቱን ጥርስ ቆጠረች። ጎመንዘር ከጎረቤት አለ። ግን ለምን እሱ?

ዕፀ_ጣና | መስከረም 22

ምንም ያልተጣበቀበት፣ ምንም ያልተደበቀበት አበባ ስለሆነ። ሰው አበባን የሚማረው በቅርጽ ሳይሆን በተራ ቢሆን ይቀለዋል። ከውጭ ወደ ውስጥ አራት ዙር ነው፦ ሴፓል፣ ፔታል፣ ስቴመን፣ ከዚያ መሐሉ። ቅርጹ፣ ቀለሙ፣ መጠኑ ይለዋወጣል፤ አንዱ ዙር ሊጎድልም ይችላል። ተራው ግን አይዛባም። ተራውን የያዘ ልጅ የትኛውንም አበባ ብትሰጡት አይጠፋበትም።

ጎመንዘር ላይ አራት ሴፓል አለ። አራት ቢጫ ፔታል በመስቀል ቅርጽ። ስድስት ስቴመን። ስድስቱን በደንብ አስተያይዋት፣ አራቱ ረጅም ሁለቱ አጭር ናቸው። መሐል ላይ አንድ ቀጭን አረንጓዴ ፒስቲል ቆሟል። ከታች ወፈር ያለው ኦቫሪ፣ ቀጥሎ አጭር አንገት፣ እሱ ስታይል ነው፣ ጫፉ ላይ ክብ ስቲግማ። አበባው ሲረግፍ ኦቫሪው እየረዘመ ሄዶ ዘሩን የሚይዘው ቅርፊት ይሆናል። አንዱ ቅርንጫፍ ላይ ከላይ እምቡጥ፣ መሐል ላይ የፈካ፣ ከታች ቅርፊት የያዘ ስለሚገኝ ልጅቷ ሙሉውን ታሪክ በአንድ ቅርንጫፍ ታያለች።

መምህር_ማርቆስ | መስከረም 22

በዚህ አልስማማም። እኔ ለተማሪዎቼ የምሰጠው የዱባ አበባ ነው። ጎመንዘር ለ60 ልጅ ክፍል አይሆንም፤ ኋላ ወንበር ያለው ልጅ ምን ያያል? ዱባ እጅ ያህላል። የትም ጓሮ አለ። ኦቫሪ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በአንድ እይታ ይገባቸዋል፤ ትንሽዬ ዱባ ከአበባው ሥር ተቀምጣለች።

ዕፀ_ጣና | መስከረም 22

ጋሼ፣ ዱባን እወደዋለሁ። ግን እያንዳንዱ የዱባ አበባ ግማሽ ነው። አንዱ ስቴመን ብቻ አለው፣ ሌላው ፒስቲል ብቻ። ሁለቱን ካልሰበሰቡ ልጁ ግማሽ ነገር ይዞ ይገባል። የወንዴው ስቴመኖች ደግሞ ተጣብቀው አንድ ምሰሶ ሆነዋል፤ ስንት ናቸው ብሎ ለሚቆጥር ልጅ ፈተና ነው።

መምህር_ማርቆስ | መስከረም 22

ሁለቱንም ነው የማስመጣቸው። ችግሩ ምኑ ላይ ነው? እንዲያውም «ወንዴና ሴቴ በአንድ ሐረግ ላይ ተለያይተው» የሚለውን ያኔ ነው የሚይዙት።

ጓሮዬን_ለመራዊ | መስከረም 22

ይቅርታ ጋሼ፣ ክሩን ላበላሽ። ዱባ ካነሳችሁ አይቀር፣ የኔ ዱባ ሐረጉ አጥሩን ሞልቶታል። አበባውም መዓት ነው። ግን ዱባ የለም! አበባው ይፈካል፣ ይረግፋል። ሰው ዓይን በላው ይለኛል። ምንድን ነው?

መምህር_ማርቆስ | መስከረም 22

የረገፉትን አበቦች አንሳና ሥራቸውን እይ። ቀጭን ረጅም አገዳ ላይ ብቻ የቆመ ከሆነ ወንዴ ነው። መርገፉ ሥራው ነው፣ ዱባ አይጠበቅበትም። ዱባ መጀመሪያ የሚያወጣው ወንዴውን ነው፤ ሴቴዎቹ ዘግይተው ይመጣሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ አበባ ብቻ ቢሆን አትደንግጥ።

ከአበባው ሥር ትንሽ ዱባ ካለች ግን እሷ ሴቴ ናት። እሷም ቢጫ ሆና ከረገፈች ብናኝ አልደረሳትም ማለት ነው። ንብ ጠፍቷል፣ ወይም ዝናቡ ጠዋት ጠዋት አላስወጣም ብሎታል። ፍግ አብዝተህ ከሆነም ሐረግና ቅጠል ብቻ ይሆንብሃል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የዱባ አበባ ጎሕ ሲቀድ ተከፍቶ እኩለ ቀን ሳይደርስ ይዘጋል። ስለዚህ ማልደህ ተነሣ። የፈካ ወንዴ ቅጠፍ። ፔታሉን ዙሪያውን ላጠው፤ መሐል ቢጫ ዱቄት የለበሰ ምሰሶ ይቀርሃል። ያንን ይዘህ የሴቴዋን ስቲግማ፣ መሐል ላይ ያለውን ወፍራም ቢጫ ነገር፣ ሁሉንም ጎን እየነካህ ቀባው። ከፊሉን ብቻ ከነካህ ዱባው ወደ አንድ ጎን ያደላል፤ ባልዳበረው በኩል ዘር ስለማይዝ አያድግም።

ጓሮዬን_ለመራዊ | መስከረም 22

ነገ ጠዋት እሞክራለሁ። ሚስቴ «ዱባ ልትድር ነው?» ብላ እየሳቀች ነው።

ማር_ቆራጩ | መስከረም 23

ከዳንግላ ነኝ። ሰው አበባን ሲያጠና ንቡን ረስቶ ነው፣ ላስታውሳችሁ ብዬ ነው።

እኛ አካባቢ ክረምቱ ሲወጣ መጭ ይፈካል፣ አደይ ይፈካል፣ ከዚያ ኑግ ይከተላል። ጥቅምትና ኅዳር ማር የምንቆርጠው ከዚህ ነው። ዕፀ ጣና ያለውን ኑግ ላይ ሞክሩት፤ እሱ ለማየት ከአደይ ይቀላል። ዳሩ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ቢጫ አለው። ስምንቱ ሴቴ ብቻ ናቸው። መሐል ያሉት ወንዴም ሴቴም ናቸው። ንቧ መሐሉ ላይ ስትዞር እግሯ ላይ ቢጫ እብጠት ታያላችሁ፣ እሱ ብናኙ ነው፣ ለልጆቿ ምግብ ትወስደዋለች።

ብዙ ገበሬ የማያውቀው ነገር ግን ይህ ነው። ኑግ በራሱ ብናኝ ዘር አይዝም። ከሌላ ተክል መምጣት አለበት። ያለ ንብ ራሱ ፍሬ አልባ ይሆናል። እና ሰው ኑጉ አጠገብ ያለውን ማሳ በእኩለ ቀን መድኃኒት ሲረጭ የኔን ንብ ብቻ ሳይሆን የራሱን ኑግም ነው የሚጎዳው። ግዴታ ከሆነ ሲመሽ ይርጭ፣ ንቡ ቀፎው ከገባ በኋላ። ስንት ጊዜ ተናግሬ ሰሚ አጣሁ።

ጓሮዬን_ለመራዊ | መስከረም 23

አያ፣ ለዱባዬም አንድ ቀፎ ያከራዩኝ።

ማር_ቆራጩ | መስከረም 23

በነጻ ነው። ንቡ ግን ጎረቤትህን ይነድፋል፣ ኃላፊነቱ ያንተ።

የአዲስ_አበባ_ልጅ | መስከረም 23

ሞኝ ጥያቄ ካልሆነ፣ ጤፍ አበባ አለው? አያቶቼ ደጀን ናቸው፣ ልጅ ሆኜ ጤፍ ማሳ ውስጥ አድጌያለሁ፣ አበባ ግን አይቼ አላውቅም።

የቢቸና_ባለሙያ | መስከረም 23

ሞኝ ጥያቄ አይደለም፣ ትልልቅ ተመራማሪዎችን ያደከመ ጥያቄ ነው።

አለው። ፔታልና ሴፓል የምትለው ግን የለውም። ነፋስና ራሱ ለሚያዳብረው ሣር ቀለም ምን ያደርግለታል? በምትኩ ሁለት ትናንሽ ቅርፊቶች አሉት፤ በእነሱ መሐል ሦስት ስቴመንና አንድ ኦቫሪ። ኦቫሪው ላይ ላባ የመሰሉ ሁለት ስቲግማዎች። ይህ ሁሉ ያለ አጉሊ መነጽር አይታይም። እዚያው ቅርፊቱ ውስጥ ራሱን በራሱ ያዳብራል።

ስለዚህም ለረጅም ጊዜ ሁለት የጤፍ ዝርያ ማዳቀል አልተቻለም ነበር። ያለውን እየመረጡ ማባዛት ብቻ ነበር። የጤፍ ተመራማሪው ዶ/ር ታረቀ በርሄ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አበባዋ የምትከፈትበትን ሰዓት አገኙ። ጠዋት ነው፣ ከ12፡45 እስከ 1፡30 ባለው ጊዜ። በዚያች ሰዓት ስቴመኖቹን በጥንቃቄ አውጥቶ የሌላውን ብናኝ ማድረስ ይቻላል። በዚህ መንገድ ደብረ ዘይት ላይ ተዳቅሎ በ2006 እ.ኤ.አ. የተለቀቀው ዝርያ ቁንጮ ነው። ዛሬ ጎጃም ላይ ቁንጮ ያልዘራ ገበሬ ፈልግ ብትለኝ ይቸግረኛል።

የአዲስ_አበባ_ልጅ | መስከረም 23

ወይ ጉድ። አርባ አምስት ደቂቃ!

በቆሎ_ሻጭ_ፍኖተ | መስከረም 23

በቆሎስ? እሸት ስንልጥ የሚያስቸግረን ጸጉር ምኑ ነው?

የቢቸና_ባለሙያ | መስከረም 23

እያንዳንዷ ጸጉር የአንዲት ፍሬ ስታይልና ስቲግማ ናት። ወንዴው አናቱ ላይ ያለው ነው። ብናኝ ያልደረሳት ጸጉር ፍሬዋ ባዶ ይቀራል። ጥርሱ የጎደለ በቆሎ ስታይ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይኼ ነው።

የቆሎ_ተማሪ_ነበርኩ | መስከረም 24

መስከረም 26 የጽጌ ጾም ይገባል፣ ማኅሌቱ ይጀመራል። ሌሊት ስለ ጽጌ እየዘመርን ቀን ላይ ግን አንዷንም አበባ ከፍተን አይተን አናውቅም ነበር። ይህን ክር ሳነብ ነው የታወቀኝ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። እኛ ጋ ጮቄ ላይ ኮሶ ወንድና ሴት አለው ይላሉ። አያቴ ለመድኃኒት የምትቀጥፈው ሴቷን ብቻ ነበር። እውነት ነው ወይስ አባባል?

ዕፀ_ጣና | መስከረም 24

እውነት ነው። ከዱባ የሚለየው፣ ዱባ ወንዴና ሴቴ አበባ በአንድ ሐረግ ላይ ያወጣል። ኮሶ ግን ዛፉ ራሱ ወንድ ወይም ሴት ነው። የሴቷ ዘለላ ቀላ ያለና ወፈር ያለ ነው፤ ለኮሶ ትል የሚጠጣውም እሱ ነበር። (መጠኑ ሲበዛ ዓይን እስከማጥፋት የሚደርስ መርዝ ነው፣ ዛሬ ማንም እንዳይሞክረው። ሐኪም ቤት ያለው መድኃኒት ይበቃል።)

በ1770 እ.ኤ.አ. ግሽ ዓባይ የደረሰው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ስለ ኮሶ ጽፏል። በወዳጁ በጆሴፍ ባንክስ ስም ባንክሲያ ብሎት ነበር። ስሙ ግን ቀድሞ ለአውስትራሊያ ተክል ተሰጥቶ ስለነበር አልጸናም። አሁን ሳይንሱ ሃጌኒያ አቢሲኒካ ይለዋል፤ ሃገን የሚባል ጀርመናዊ መታሰቢያ ነው። ምንጩን የምናውቀው እኛ፣ ስሙ የሰውዬው።

ቀልደኛው_ቡሬ | መስከረም 24

እኔም ልጠይቅ እንግዲህ። ባሕር ዳር መንገድ ዳር ያለው ቡገንቪሊያ ስንት ፔታል አለው? ሦስት ነው ብዬ ተወራርጃለሁ።

ዕፀ_ጣና | መስከረም 24

ተበልተሃል። ሦስቱ ሮዝ ነገሮች ፔታል አይደሉም፣ ብራክት ናቸው፤ ቀለም የተቀባ ቅጠል በላቸው። አበባው በእነሱ መሐል ያለችው ነጣ ያለች ቀጭን ቱቦ ናት። ሦስት ሦስት ሆነው ይቆማሉ።

ቀልደኛው_ቡሬ | መስከረም 24

ሁለት ቡና ከፈልኩ። ለማን እንደሆነ አልናገርም።

መምህር_ማርቆስ | መስከረም 24

ቡና ካልክ አይቀር፣ የዘጌ ቡና አበባ አምስት ነጭ ፔታል፣ አምስት ስቴመን አለው። ኦቫሪው ሁለት ክፍል አለው፣ በየክፍሉ አንድ ኦቭዩል፣ ዘር የሚሆነው። ፍሬው ውስጥ ሁለት ቡና ፊት ለፊት ተጣብቆ የምናገኘው ለዚህ ነው። አንዱ ሳይዳብር ሲቀር ድንቡል ያለ አንድ ቡና ይወጣል።

እትዬ፣ ቲማቲምና ዘይቱንም ልጅቷ ታስተያይ። ቲማቲም አረንጓዴ ሴፓሉን ከግንዱ በኩል ይዞ ይቀራል፤ ኦቫሪው ከሴፓሉ በላይ ስለነበር ነው። ዘይቱን ደግሞ በተቃራኒው ጫፍ ይዞት ይቀራል፤ ኦቫሪው ከታች ስለነበር ነው። ጉሊት ሄዳ በአንድ ብር የሁለት ዓይነት ኦቫሪ ልዩነት ታያለች። እሺ፣ በአንድ ብር አይሆንም ዘንድሮ።

ሰፊ_ሜዳ_ቲሊሊ | መስከረም 25

እኛ ጋ ደግሞ ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ ነው ያለው፣ ከሰል የምናከስለው። ቢጫው ድቡልቡል ላይ ፔታል ፈልጌ አጣሁ። ባሕር ዛፍም እንደዚሁ፣ ነጭ ጸጉር ብቻ።

ዕፀ_ጣና | መስከረም 25

የሁለቱም ውበት ስቴመን ነው። ዲከረንስ ላይ ድቡልቡሉ የብዙ አበቦች ስብስብ ነው፤ ፔታል አለ፣ ግን ስቴመኑ ውጦታል። ባሕር ዛፍ ላይ ሴፓልና ፔታል ተዋሕደው ክዳን ሆነዋል። እምቡጡ ሲፈካ ክዳኑ ተነቅሎ ይወድቃል። ዛፉ ሥር ሂድና መሬቱን እይ፣ ትናንሽ ክዳኖች ታገኛለህ። ሳይንሳዊ ስሙም «በደንብ የተከደነ» ማለት ነው፣ ከዚያ የመጣ።

እናት_ከእንጅባራ | መስከረም 25

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጎመንዘሩ ተለጥፎ አለቀ። ልጅቷ አደይዋንም አልጣለችም፤ ከጎኑ ለጥፋ «ይህ ብዙ አበባ ነው» ብላ ጻፈችበት። አሁን ደግሞ እኔን የያዘችኝ፣ ጎመንዘሩ ለምን ሁለቱ ስቴመን አጭር ሆኑ ብላ ነው። እንግዲህ መልሱልኝ፣ እኔ ደክሞኛል።

ዕፀ_ጣና | መስከረም 25

የቤተሰቡ ምልክት ነው። ሁለቱ አጫጭሮች ከውጭ፣ አራቱ ረጃጅሞች ከውስጥ ይቆማሉ። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኒየስ በ1735 እ.ኤ.አ. ዕፅዋትን በስቴመናቸው ሲመድብ ለእነዚህ ብቻ የተለየ ክፍል ሰጥቷቸው ነበር። ሰናፍጭ ላይም ያንኑ ታገኛለች። ፌጦ ላይም አለ፣ ለሱ ግን አጉሊ መነጽር ያስፈልጋታል።

ጓሮዬን_ለመራዊ | መስከረም 26

ዛሬም ማልጄ ሄድኩ። ሦስት ወንዴ ፈክቷል፣ ሴቴ ግን አንድም የለም። ወንዴውን ቀጥፌ እስከ ነገ ላቆየው እችላለሁ?

መምህር_ማርቆስ | መስከረም 26

አትቀጥፈው። ወንዴው በየቀኑ አዲስ ይፈካልሃል። ሴቴዋ እምቡጥ ስትሆን ጫፏ ቢጫ ሲሆን በማግሥቱ ትከፈታለች፤ ያኔ ነው ማልደህ የምትጠብቃት።

ጓሮዬን_ለመራዊ | መስከረም 26

አንዷ ጫፏ ቢጫ ሆኗል! አጥሩ ጥግ ላይ። በቃ ነገ 12 ሰዓት።